የልጄ አጃይል እና የሞጣው መጋዘን

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ብር፣ ሁለት በግ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ እና ከልጄ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳንነጋገር የበላናት አንዲት ምሳ ነው። ብሩ የኔ ድርሻ ብቻ ነው፤ የሸሪኬን እሱ ይናገር። በጎቹ ለምን ሁለት እንደሆኑ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። ከሁሉም የከበደችኝ ምሳዋ ናት። ብር ሄዶ ይመጣል፤ ጫማውም ቢሆን ማርጀቱ አይቀርም ነበር።

እኔ ቢቸና እህል የምነግድ ሰው ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ በሰላም ተለያየን፤ የቀረውን የተማርኩት ሚዛን ሥር ነው። ጆንያ ሳልፈታ ዳብሼ ጤፉ ንጹሕ ይሁን አፈር ያለበት መለየት እችላለሁ፤ የሻጩን ፊት ካየሁ ደግሞ ስንት ኪሎ አፈር እንዳለበት። ሸሪኬ የሞጣ ሰው ነው። ከአያቱ ጀምሮ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ «ጨርቅ ፋሽኑ ያልፍበታል፣ ሆድ አያልፍበትም» ብሎ ወደ እህል ዞረ። መካ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ አገሩ ሁሉ ሐጂ ይለዋል፤ እኔም እንደ አገሩ። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፣ በክርክር ብዙ።

ያን ዓመት ሁለታችንም ያለንን ሁሉ አውጥተን ነጭ ጤፍ ገዛን። ሐሳባችን ክረምት ገብቶ ዋጋው ሲወጣ መሸጥ ነበር። ጤፉ ሞጣ በኪራይ መጋዘን ተቀመጠ። ሚያዝያ ላይ የመጋዘኑ ባለቤት መጣና ልጁ የብረት በር መሥሪያ ሊከፍትበት ስለሆነ ግንቦት ሲያልቅ ልቀቁልኝ አለ። ለመንነው። ሽማግሌ ላክንበት። ሽማግሌዎቹ ጠላውን ጠጥተው እሱን ደግፈው ተመለሱ።

እንግዲህ ሐጂ ከቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ የራሳችንን መጋዘን ልንሠራ ተስማማን። ሂሳቡ ቀላል ነው። የሰኔ ዝናብ ሳይገባ ጣራ ካለ ጤፍ አለ። ጣራ ከሌለ ጤፉ ይረጥባል፤ የረጠበ ጤፍ ይሻግታል፤ የሻገተ ጤፍ ላይ ዶሮም ፊቷን ታዞራለች። ሁለታችንም እንደገና ከአንድ ጆንያ የምንጀምርበት ዕድሜ አልፎብን ነበር።

ይህ ሲሆን ልጄ ቢቸና ቤት ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ቢሮ ተቀጥራ፣ ቢሮው «ሠራተኛ ቀነስን» ብሎ ከላፕቶፗ ጋር መለሰልኝ። ከመመለሷ በፊት ግን የአጃይል ፕሮጀክት አመራር የሚባል ሥልጠና ወስዳለች። የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ ስሙን አልረሳውም።

«አባዬ፣ መጋዘኑን እኔ ልምራው» አለችኝ አንድ ቀን።

«ስለ እንጨት ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ እንጨት አናጢው ያውቃል። እኔ የምመራው ሥራውን ነው።»

«እሱማ የኔ ነው። ቆሜ እጮህባቸዋለሁ።»

«ጩኸት አጃይል አይደለም አባዬ።»

ከዚያ አስረዳችኝ። ሥራው እንደ ዳቦ በትንሽ በትንሹ ይቆረሳል። በየሁለት ሳምንቱ፣ እሷ ስፕሪንት በምትለው፣ በዓይን የሚታይ ነገር ይደርሳል። ለባለቤቱ ይታያል፤ ባለቤቱ አስተያየት ይሰጣል፤ ይስተካከላል። ችግር ገና ሳያድግ ይነገራል። አለቃ አይጮህም፤ ቡድኑ ራሱን በራሱ ይመራል። እዚህ ላይ አቋረጥኳት። በሕይወቴ ራሱን በራሱ ሲመራ ያየሁት ከገበያ ወደ ቤቱ የሚመለስ አህያን ብቻ ነው፤ እሱም ጭነቱ ሲራገፍለት ነው።

እናቷ ከጓዳ ሆና ትሰማ ኖሯል። «ዘራህ፣ አረምህ፣ አጨድህ፤ አሁን ክምሩ ላይ ወጥተህ ትተኛለህ?» አለችኝ። «ያስተማርካትን ውቃው እንጂ!»

ወቃሁት። ልጄን ይዤ፣ መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን ጠብቄ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄድኩ። ቆርቆሮው ከኋላችን በጭነት መኪና መጣ።

አናጢው መሪጌታ ነበሩ። ቀን ቀን መጋዝ ይዘው፣ ሌሊት ሌሊት ደብሩ ውስጥ ማኅሌት የሚቆሙ፣ ፂማቸው ላይ የእንጨት ዱቄት የማይጠፋ ሰው ናቸው። ሁለት ጉድጓድ ቆፋሪዎችና ሁለት የሐጂ ጎረቤት ልጆች ተጨምረው ቡድኑ ሞላ። ልጄ በመጀመሪያው ጠዋት ሁሉንም ክብ አድርጋ አቆመቻቸው። ሐጂም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ። እኔ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጬ ሥልጠናው ስንት እንዳወጣብኝ እያሰብኩ አያለሁ።

«በየጠዋቱ እንዲህ ቆመን አሥራ አምስት ደቂቃ እንነጋገራለን» አለች። «እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል። ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ ምን እንቅፋት ገጠመኝ።»

«ደግ ነው» አሉ መሪጌታ። «መቆሙ ግን ለምንድን ነው?»

«ሰው ከተቀመጠ ወሬው ይረዝማል። ሲቆም እግሩ ስለሚደክመው ያሳጥራል።»

መሪጌታ በሐዘኔታ አዩዋት። ከዚያ ወደ ዕቃቸው ሄደው መቋሚያቸውን አመጡና ብብታቸው ሥር ተከሉት።

«የኔ እመቤት፣ እኔ አሁን የመጣሁት ማኅሌት ቆሜ አድሬ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃማ አለፈ ይባላል እንጂ ቆመ አይባልም። በይ ጠይቂኝ፣ አለሁ።»

ትናንት ምን ሠሩ ተባሉ። ትናንት የጀመረው ከቅዳሴ ነበር። ከቅዳሴ ወደ አንድ የታመመ ጎረቤት፣ ከጎረቤቱ ወደ ባሕር ዛፍ ዋጋ፣ ከባሕር ዛፉ ወደ ድሮው ጽድ፣ ከጽዱም የደብሩን ጣራ ወዳዋቀሩት አያታቸው ሄደ። ሐጂ እሳቸው በተነፈሱ ቁጥር የራሱን አያት ያስገባል። ወጣቶቹ ቆፋሪዎች ተራ በተራ እግራቸውን ይቀያይራሉ። ልጄ ሰዓቷን ታያለች፤ ሰው እያወራ ሰዓት ማየት ነውር ስለሆነ ደግሞ እጇን ትደብቃለች። ፀሐይ ከፍ ስትል አንደኛው ቆፋሪ «አንቱ መሪጌታ፣ ጉድጓዱ ጠዋት ለስላሳ ነበር፣ አሁን ደርቋል» አለ። ስብሰባው በዚህ ተፈታ።

ሁለተኛው ነገር ቦርዱ ነበር። ከሐጂ አጥር ላይ ኮምፖርሳቶ የሚባለውን ስስ ጣውላ ሰቅላ በሦስት ከፈለችው፦ የሚሠራ፣ እየተሠራ ያለ፣ ያለቀ። ሥራዎቹን በቢጫ ወረቀት ጽፋ ለጠፈች። ከጎኑ የሁለት ሳምንቱን ቀናት ሣለች። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ቀናቱን አነበቡና እስክሪብቶዋን ተዋሷት። ሚካኤልን ሠረዙ። ገብርኤልን ሠረዙ። ማርያምን፣ ጊዮርጊስን። ሐጂ ደግሞ ከትከሻቸው በላይ ተንጠራርቶ ዓርብን ከቀትር በኋላ ሠረዘ። እኔም ዝም ብዬ ከማይ የገበያውን ቀን ሠረዝኩ።

«መድኃኔ ዓለምስ?» አልኩ።

«እሱ ወደሚቀጥለው ይገባል» አሉ መሪጌታ፤ ወደ ልጄ ዞረው «አይዞሽ።»

ልጄ የተረፈውን ቆጠረች። «ስፕሪንት ማለት እኮ ሩጫ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«በበዓል ቀን አይሮጥም» አሉ መሪጌታ።

ይሁን እንጂ ሐሰት አልናገርም፤ ሥራው ተነሣ። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት፣ ማለት በተረፈው ሁለት ሳምንት፣ ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ምሰሶው ቆመ። ወረቀቶቹ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ይቅርታ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገሩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያነባል። «ዛሬም ያቺ ወረቀት አልተነሣችም?» እያሉ የሚቀልዱ ሴቶች ነበሩ፤ ቆፋሪዎቹ ከኔ ጩኸት ይልቅ ያንን ይፈሩ ነበር። ይህን ብልሃት ልብ አልኩ።

ልጄ የመጀመሪያው ስፕሪንት ሲያልቅ ቡድኑ አብሮ ማክበር አለበት አለች፤ ሥልጠናው ላይ ተጽፏል። በግ አስገዛችኝ። የፋሲካው ሃምሳ ቀን ስላልወጣ ጾም የለም። በጉ ምሰሶ ላይ ታስሮ ሰው ሁሉ በአክብሮት ያየዋል፣ የሚነካው ግን የለም። ልጄ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች።

«ማን ይረደው?» አለች።

መሪጌታ ሐጂን አዩ። ሐጂ መሪጌታን አየ። ሁለቱም ሰማይ አዩ።

«ልጄ» አለ ሐጂ በመጨረሻ፣ «እኒህ ከባረኩት እኛ አንበላም። እኛ ከባረክነው እነሱ አይበሉም። ይኸ በግ ገና ሃይማኖት የለውም። አንድ ወንድም አምጪለት።»

ሁለተኛው በግ እንዲህ መጣ። ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ጥላ። ምሳው አማረ። ችግሩ ከምሳው በኋላ ነው። ልጄ ሐጂን ወደ ምሰሶዎቹ ወስዳ፣ ሥልጠናው እንደሚያዝዘው፣ የተሠራውን አሳየችው።

«ሐጂ፣ የሥራው ባለቤት እርስዎ ነዎት። አይተው የሚለወጥ ነገር ካለ ይንገሩኝ። ለውጥ እንቀበላለን።»

ነጋዴን የሚለወጥ ነገር ካለ ንገረኝ ማለት ፍየልን ቅጠል ካማረሽ ብይ እንደ ማለት ነው። ሐጂ ዓይኑ በራ። መስኮት ይኑረው አለ። እሺ ተባለ፤ ተጻፈ። በሳምንቱ በመንገዱ በኩል ሌላ በር ይውጣለት አለ። እሺ። በሩ ካለ መሰላል፣ መሰላል ካለ ቆጥ። እሺ። እሷ እሺ የምትለው ሥልጠናው ለውጥን አትግፉ ስላላት ብቻ አይደለም። በኛ አገር ልጅ ሆና ለአባቷ ሸሪክ፣ ያውም ለሐጂ፣ «አይሆንም» የምትልበት አፍ ከወዴት ይመጣል? ሐጂ እኔን ጥግ ይዞ «ከተወለድኩ እንዲህ የሰማኝ ሰው የለም፤ ሚስቴም ጭምር» አለኝ።

እኔ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። ሱቄን ዘግቼ የምቀመጥበት ወቅት አልነበረም። ኔትወርክ ሲኖር እደውላለሁ።

«እንዴት ነው ጣራው?»

«እየተሠራ ነው አባዬ።»

በሌላ ቀንም። «እየተሠራ ነው።» በሌላውም። ግንቦት እየተገፋ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ልጅ ጤፋችንን ሸራ አልብሶ ብየዳ ማሽኑን ከላዩ አስቀምጦታል ብሎ ሐጂ ደወለልኝ። ከጮቄ ተራራ በኩል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደመና መቋጠር ጀመረ። አንድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሞጣ ደርሼ ያየሁት ይኸ ነው። ምሰሶው ቆሟል። ቆርቆሮ የሚመታበት ሞራሌ ተዋቅሯል። ከላይ ሰማይ ነው። አንድ ቆርቆሮ የለም። ቦርዱ ላይ ግን «ጣራ» የሚለው ወረቀት እየተሠራ ያለ በሚለው ሥር በኩራት ተቀምጧል፤ ጠርዙ በፀሐይ ነጥቷል።

ለጠዋቱ ስብሰባ ደረስኩ። ክብ ሠርተው ቆሙ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል።

«ትናንት?» አለች ልጄ።

«ጣራ።»

«ዛሬ?»

«ጣራ፣ እሱ ከፈቀደ።»

«እንቅፋት አለ?»

«ተመስገን፣ ምንም የለም።»

ቆፋሪዎቹም ተመስገን። የሐጂ ጎረቤት ልጆችም አልሐምዱሊላህ። እንዲህ ያለ እንቅፋት የሌለበት ሥራ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቁጭ ብዬ መሪጌታን ተመለከትኩ። ቆርቆሮውን ያወጣሉ፤ ያስተካክላሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዩታል፤ መዶሻቸውን ያነሣሉ፤ ያስቀምጣሉ፤ ቆርቆሮውን ያወርዳሉ። ከመንገድ ሆኖ ላየው ሥራ ነው። የቀን ሂሳብ እንደሚከፈላቸው ትዝ አለኝና አሰሪ የሚያስበውን ሁሉ አሰብኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ በልጄ ላይ ተነሣሁባት። ሐጂ ቤት፣ አንድ ትሪ ላይ ቀርበን ነው።

«ጣራው የት አለ?»

«እየተሠራ ነው፤ ቦርዱን አላየኸውም?»

«ታዲያ ቦርዱን እናልብሰው ጤፉን?»

«አባዬ፣ በየቀኑ እጠይቃለሁ። እንቅፋት የለም ይላሉ። ሰውን ማመን ነው የመጀመሪያው—»

«የከፈልኩበት ሥልጠና ሰው እንዴት እንደሚዋሽ አላስተማረሽም?»

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። እኔም። ሽሮው በረደ። እንጀራውን በየበኩላችን ከዳር ከዳር ቆረስን፤ መሐል ስንደርስ ሁለታችንም እጃችንን ሰበሰብን። ሐጂ የመጣበትን ረስቶ ተመልሶ ወጣ።

ዕቃዬን ይዤ ወደ መናኸሪያ ልሄድ ስነሣ መሪጌታ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ልሸኝዎ።»

«ሥራ ይበልጣል፣ አይድከሙ።»

«ኧረ ነውር ነው!»

ሽኝት በኛ አገር እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከደጅ አያልቅም። እስከ ዛፏ፣ ከዛፏ እስከ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው እስከ ድልድዩ። መጀመሪያ ስለ ሰማይ ተነጋገርን። ቀጥሎ ስለ ቅቤ ዋጋ። መታጠፊያው ላይ «ልጅዎ ጎበዝ ናት» አሉኝ።

«ናት።»

«የተማረች፣ ሰው አክባሪ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ትንሽ ሄድን። መናኸሪያው ታየ።

«ምስማር ግን አታውቅም» አሉ።

ቆምኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ለጣራው ምስማር የገዛችው ራሷ ነበረች፤ የሚያብለጨልጭ፣ የሚያምር፣ አጭር ምስማር። ለወንበር ቢሆን ወንበሩ ራሱ ያመሰግን ነበር። ቆርቆሮ ግን የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ አጭሩ ምስማር ጉብታውን አልፎ እንጨቱን አይነክስም። የመጀመሪያው ነፋስ ቆርቆሮውን እንደ ጋዜጣ ይገልጠዋል።

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«መቼ?»

«በየጠዋቱ! እንቅፋት አለ ወይ እያለች ስትለምንዎት!»

«ሰው ፊት?» መሪጌታ በእውነት ደነገጡ። «ዙሪያውን ቆመን፣ ሐጂ እያዩ፣ ቆፋሪ እያየ፣ ‹የገዛሽው ምስማር የወንበር ነው› ልበላት? የሰው ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«እንቅፋት የለም ማለት ግን ውሸት አይሆንም?»

«እንቅፋቱ እሷ ሆና ሳለ እንዴት አድርጌ ልንገራት!»

«ለብቻዋስ?»

«ለብቻዋ መቼ አገኘኋት? ሁሉን ነገር ክብ አድርጋ ነው የምታወራው።»

ነጋዴነቴ ግን አልተኛም። «የነዚያን ቀናት ሂሳብስ ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ እንጂ! የጎደለው ምስማሩ ነው፣ እኔ አልጎደልኩም።»

ሚኒባሷ ጥሩምባዋን እየነፋች ነበር። ተውኳት። ወደ ኋላ ስመለስ ካፊያ ጀመረ፤ ጥቁሩ የመረሬ ጭቃ አንድ እግር ጫማዬን ዋጠው። ስጎትተው ሶሉ እዚያው ቀረ። ሁለተኛውን እኔው አወለቅሁት፤ ለብቻው ምን ያደርግልኛል?

በመንገዱ ሁሉ አሰብኩበት። ሰላሳ ዓመት ስነግድ ገበሬ ሚዛን ላይ ቆሞ እውነት ሲነግረኝ አላስታውስም። ሚዛን ላይ ሰው አለ፤ ዓይን አለ። ስንዴው ነቀዝ እንደያዘው፣ ወንድሙ ለሌላ ነጋዴ ቃል እንደ ሰጠ፣ ብሩ ለልቅሶ እንደሚያስፈልገው የሚነግረኝ ሲሸኘኝ ነው። ጎን ለጎን ስትሄድ ፊት ለፊት አትተያይም፤ አፍ ይፈታል። ልጄ እኮ ትክክል ነበረች፤ ችግር ቶሎ መውጣት አለበት። ችግር የሚወጣበትን ቦታ ብቻ ነው የሳተችው።

ጫማዬን በእጄ ይዤ ስደርስ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ልጄም አየችኝ። እኔም አሁን ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩና ሐጂን አየሁ፣ ቆፋሪዎቹን አየሁ፣ መሪጌታን አየሁ። አፌ ተመልሶ ተዘጋ።

«ነይ እስኪ፣ እስከ መታጠፊያው ሸኚኝ» አልኳት።

«አሁን መጣህ እኮ።»

«ሸኚኝ ብያለሁ።»

ሸኘችኝ። ስለ ሰማይ ተናገርኩ። ስለ ቅቤ ዋጋ ተናገርኩ። ከዚያ ስለ ምስማሩ ነገርኳት። እያለቀሰች መሰለኝ፤ ዞር ስል ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነበር፣ ዓይኗ ግን እርጥብ ነው።

«ስለዚህ በየቀኑ ክብ አቁሜ የማሳፍራቸው እኔ ነኝ?»

«አላሳፈርሻቸውም። እነሱ ናቸው አንቺን ላለማሳፈር ጣራ የከለከሉን።»

እስከ ማታ ሳትቆይ ወዲያው ገበያ ወርዳ ባርኔጣ ያለውን ረጅሙን ምስማር ገዛች። በማግሥቱ የጠዋቱን ስብሰባ ለሰላምታ ብቻ ተወችው፤ ሰላምታ እንደሆነ አያጥርም። አመሻሽ ላይ ግን ሥራ ሲፈታ በየቀኑ አንዱን ትሸኛለች። ከቆፋሪው፣ አንደኛው ማዕዘን መዛባቱን ይዛ ተመለሰች። ከሐጂ ጎረቤት ልጅ፣ ሐጂ ያዘዘው መስኮት ዝናብ በሚመጣበት በኩል መሆኑን ይዛ ተመለሰች። ይህን ሁሉ ቡድኑ ያውቀው ነበር፤ ከሷ በቀር።

በመጨረሻ ሐጂን እስከ መስጊዱ በር ሸኘችው። እኔ አልነበርኩም፤ በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። መንገድ ላይ «ሐጂ፣ በሩም ቆጡም አሁን አይሆንም። ጤፉ ከረጠበ በሩን ማን ይገባበታል?» አለችው። ሰው ፊት ቢሆን ይቆጣ ነበር። እዚያ ግን የመንገዱን በር ለምን እንደፈለገ ነገራት።

«አባትሽ ዘንድሮ ድርሻውን ይዞ ወደ ቢቸና ቢጠቃለልስ ብዬ ነው። ቢያንስ ለኔ በመንገድ በኩል ሱቅ ይቀርልኛል።»

«አባዬ?» አለችው። «እርስዎን ትቶ ከማን ጋር ሊጨቃጨቅ?»

ሐጂ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እንደዚያ ያስብ እንደነበር አላውቅም ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ሸሪክ ነን፤ ለካ አንድ ቀን እንኳ ተሸኛኝተን አናውቅም፤ ሁልጊዜ እየተኮራረፍን ነው የምንለያየው።

ቀኑ ግን አልጠበቀንም። ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ የባለ ብየዳው አባት በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። ልጄ ወረቀቶቹን ሁሉ ከቦርዱ አነሣችና አንድ ብቻ አስቀረች።

«ግማሹን ብቻ እናልብሰው» አለች። «ጤፉ የሚገባበትን ያህል። መስኮት የለም፣ ቆጥ የለም። ሌላው ከክረምት በኋላ።»

«ግማሽ ቤት?» አሉ መሪጌታ። «ግማሽ ሙሽራ ይዳራል?»

«ጤፉ አይዳርም መሪጌታ፣ ይደረደራል።»

አጉረመረሙ፤ ግን መሰላል ላይ ወጡ። እኔም ወደ ቢቸና መመለሱን ትቼ ውኃ መውረጃውን አቆምኩ። ረጅሙ ምስማር እንጨቱን ሲነክስ የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው፤ ሐጂ ለብቻው ወንበር አውጥቶ ያዳምጠው ነበር።

ጤፉን ያጓጓዝነው የመጨረሻዎቹ ቆርቆሮዎች እየተመቱ ነው። ጋሪ ነበር፣ ባጃጅ ነበር፤ አንዱ ባለ ባጃጅ ጆንያውን እንደ ተሳፋሪ ከኋላ አስቀምጦ «ይኸ ከሰው ይሻላል፣ መልስ አይጠይቅም» ይላል። ሰማዩ ጠቁሯል። አብዛኛው ገብቶ የመጨረሻው ጋሪ መንገድ ላይ እያለ ዝናቡ ወረደ፤ ካፊያ አይደለም፣ የሰኔ ዝናብ፣ ቀኑን ሳይጠብቅ። ሐጂ ጃንጥላውን ጆንያው ላይ ዘርግቶ ራሱ እየበሰበሰ ከጋሪው ጎን ይሮጣል። መካ ደርሶ የተመለሰ ሰው እንዲህ ሲሮጥ ያየ ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።

መሪጌታ ጣራው ላይ ናቸው። ዝናቡ ፂማቸውን ከደረታቸው ጋር አጣብቆታል። ልጄ ከታች ሆና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«መሪጌታ! እንቅፋት አለ?»

ሁሉም ሰው ቆሞ ነበር። ሐጂ፣ ቆፋሪዎቹ፣ ባለ ጋሪው፣ ጎረቤቱ ሁሉ።

«አለ!» አሉ መሪጌታ ከላይ። «መሰላሉን የወሰደ ማነው? ደግሞም ልንገርሽ፣ በስተግራ ያለው ውኃ መውረጃ ጠማማ ነው፣ ያቆመውም አባትሽ ነው!»

ልጄ መሰላሉን ራሷ ተሸክማ ወሰደችላቸው። እኔም ውኃ መውረጃውን ሄጄ አየሁት። ጠማማ ነበር።

መቶ ሃያ ኩንታል ጤፍ ነበረን። መቶ አሥራ ሰባቱ ደርቆ ገባ። ሦስቱ ረጠበ። የረጠበውን እኔና ሐጂ እኩል ተካፈልነው።